ከዘጠኝ አልወጣ ያለችው ወንዝ አሻጋሪ

ሰፈርተኛው «ግራም» ይለዋል። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት ሚስቱና የደመወዝ ጸሐፊው ብቻ ናቸው ቢባል ብዙ ማጋነን የለበትም። ሥራው ሚዛን መመርመር ነው። ጠዋት ጠዋት የናስ ክብደቶቹን በእንጨት ሳጥን አንጠልጥሎ ከገበያ ገበያ ይዞራል። ክብደቶቹ እንደ እንቁላል በየጎድጓዳቸው የተኙ ናቸው፤ በባዶ እጁ አይነካቸውም። የጣት ወዝ ናሱ ላይ ቀርቶ ያከብደዋል ብሎ ነጭ ጓንት ያጠልቃል። ነጋዴዎቹ ጓንቱን ከሩቅ ሲያዩ «ሙሽራው መጣ!» ይባባሉና ከሚዛናቸው ሥር ያለውን ለመደበቅ ይራወጣሉ።

በሃያ ሦስት ዓመት ያላየው ተንኮል የለም። ከሳህኑ ሥር ማግኔት የለጠፈ አይቷል። ኪሎውን ከሥሩ ቦርቡሮ በሰም የደፈነ አይቷል። እንዲያውም አንዱ ሚዛኑ ላይ ቀጭን ክር አስሮ በእግሩ አውራ ጣት ሲስብ ይዞታል፤ ሰውዬው ካልሲ የማያደርገው ለምን እንደሆነ የገባው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትለዋን ተረት ሌላው ሰው «እንደምን አደራችሁ» በሚልበት ቦታ ነው የሚጠቀማት። ሚስቱ ሽንኩርት ገዝታ ስትገባ ከእጇ ተቀብሎ ይመዝናል። እሷም ለጎረቤት «በሰርጋችን ቀን ቀለበቱን ነክሶ አይቶ ነው ያጠለቀልኝ» እያለች ታስቃለች። እሱ አይስቅም፤ እውነት ነውና።

ይህ ሰው እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጨዋታ ይመራል ቢባል ማን ያምናል? ግን ይመራል። ያውም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በአማቹ ፀጉር ቤት።

ጨዋታው የጠረጴዛ ጨዋታ ነው፤ ካርታ ወይም ዳማ እንዳይመስላችሁ። እያንዳንዱ ተጫዋች በወረቀት ላይ አንድ ሰው ይፈጥራል፤ ዘበኛ፣ ሐኪም፣ ሌባ፣ ያሻውን። ከዚያ በዚያ ሰው አፍ ይናገራል፣ በዚያ ሰው እጅ ይመታል። ግራም ደግሞ የቀረውን ሁሉ ነው፦ ዝናቡን፣ ሽፍታውን፣ የዘንዶውን ቁጣ። ነገሩ ሲከርር ዳይስ ይወረወራል፤ ነጥቡ ከሰውየው ጉልበት ጋር ተደምሮ ማን እንደወደቀ ይታወቃል። በእሑዱ መጨረሻ ግራም እንደየሥራቸው አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ጭረት ይሸልማቸዋል። እያንዳንዱ በገዛ እጁ ወረቀቱ ላይ በእርሳስ ይጭራል። መቶ ጭረት ሲሞላ የፈጠረው ሰው አንድ ደረጃ ያድጋል፤ ጉልበት ይጨምራል፣ አዲስ ብልሃት ይማራል። ወረቀቶቹ ፀጉር ቤቱ ውስጥ በብስኩት ጣሳ ተቆልፈው ያድራሉ። መሪው የተጫዋች ወረቀት አይነካም። ሕግ ነው።

ሕጉን ያወጣችው የግራም እህት ናት። የባለ ፀጉር ቤቱ ሚስት ነበረች፤ ከሞተች አምስት ዓመት ሆኗታል። ጨዋታውን የጀመሩት እሷና ወንድሟ ናቸው። ባሏ ያኔ አይጫወትም ነበር። እነሱ ሲጯጯሁ እሱ መሬት የወደቀውን ፀጉር እየጠረገ፣ «እናንተ ሰዎች፣ ዘንዶው እስኪሞት እግራችሁን አንሱልኝ» ይል ነበር።

መጀመሪያ ላይ ለዕድገት ጣሪያ አልነበረውም፤ ደረጃ ለመውጣትም አምስት ጭረት ይበቃ ነበር። ያን ጊዜ ሾፌሩ፣ የከተማ አውቶብስ የሚነዳው ጎረቤታቸው፣ አንድ ተራ ዘበኛ ፈጥሮ አሥራ ሰባተኛ ደረጃ አደረሰው። ዘበኛው ዘንዶውን በጥፊ ገደለው። በሚቀጥለው እሑድ ተራራውን አነሳው። በሦስተኛው እሑድ ሁሉም ያዛጉ ጀመር፤ ራሱ ሾፌሩ ሳይቀር። እህትየው እርሳሷን ጠረጴዛው ላይ ጥላ፣ «ጣሪያ የሌለው ቤት ውስጥ ሰው ሳይሆን ዝናብ ነው የሚኖረው» አለች። ከዚያ ወዲያ ጣሪያው አሥር፣ የአንዱ ደረጃ ዋጋም መቶ ጭረት ሆነ። ደግሞም ማንም ሰው ሲፈጠር የማይችለው አንድ ነገር ይጻፍለት አለች። «የሚያቅተው ነገር የሌለው ሰው ወሬም አይወጣውም» የምትል ሴት ነበረች።

ግራም በበኩሉ አንድ ነገር አከለበት። አሥረኛ ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው ምን ይቀረዋል? ምንም። ምንም የማይቀረው ሰው ደግሞ ምን አያደርግም? ስለዚህ አሥር የገባ በዚያው ዕለት ይሰናበት፣ ወረቀቱ ይታሸግ አለ። ሁሉም ተስማሙ። እህቱ ብቻ ትከሻዋን ሰበቀች።

ከሁሉ የከረረችው ሕግ ግን ይቺ ናት፦ ከእሑዱ ሽልማት ውጭ ጭረቱን የነካ ሰው ወረቀቱ ይቀደዳል። አንድ መምህር አብሯቸው ይጫወት ነበር፤ አሥራ ሁለት ጭረት ሰርቆ ሲጨምር ተያዘ። ግራም ወረቀቱን ማስመሪያ አስደግፎ ቀጥ አድርጎ ቀደደለት። መምህሩ ኮቱን ለብሶ ወጣ፤ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያየው ይሻገራል።

እህትየው ስትታመም የፈጠረቻትን ሴት ለባሏ አወረሰችው። ሴትየዋ በጀልባ ሰው የምታሻግር ናት። ከወረቀቱ አናት ላይ በእህትየው ቀጥ ያለ ጽሕፈት፣ «ወንዝ አሻጋሪ። ክንዷ ብርቱ ነው። መዋኘት አትችልም» ይላል። ባልየው ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው እሑድ መጥረጊያውን ግድግዳ አስደግፎ ወንበሯ ላይ ተቀመጠ። «የት ነበርን?» አለ። ከዚያ ወዲህ አሻጋሪዋ እሱ ነው።

እንግዲህ ነገሩ የጀመረው በላጲስ ፍርፋሪ ነው።

አንድ እሑድ ባለ ፀጉር ቤቱ ጣሳውን ሲከፍት ክዳኑ ላይ ሦስት ግራጫ ፍርፋሪዎች ተጣብቀው ግራም አየ። ሌላ ሰው ቢሆን እፍ ብሎ ያልፈው ነበር። ግራም በጣቱ ጫፍ አንስቶ በወረቀት ጠቀለለና ኪሱ ከተተ። ከዚያች ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አልወሰደውም።

መጀመሪያ የጠረጠረው ሾፌሩን ነው፤ በዘበኛው የሠራውን ያውቃላ! ቀጥሎ ሲስተርን ጠረጠረ። ሲስተር የጤና ጣቢያ ነርስ ናት፣ አራተኛዋ ተጫዋች። ዳይሱ ለእሷ ይታዘዝላታል፤ እንዲህ ያለ ዕድል ደግሞ ያለ ምክንያት አይመጣም። ሚስቱን እንኳ «እሑድ እሑድ አንቺ ፀጉር ቤት ብቅ ብለሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ ጠይቋታል። «አዎ፣ ዘንዶ ልሰርቅ» አለችው።

አማቹን ግን አልጠረጠረም፤ ባለ ቁልፍ ቆልፎ አይሰርቅም ብሎ። ለጣሳው ቁልፍ አንድ ሲኖር እሱም አማቹ ዘንድ ነው፤ ከቀበቶው ጋር ይታሰራል። ማለት ሁሉም የሚያውቀው አንድ ነው። ግራም ድሮ፣ ጣሳው ሲገዛ፣ «ለክፉ ቀን» ብሎ ሁለተኛ አስቀርጾ ነበር።

ያ ክፉ ቀን ደረሰ። ባለ ፀጉር ቤቱ ምሳ ሊበላ ሲወጣ፣ «ሱቁን እኔ ልጠብቅልህ ጋሼ፣ ተረጋግተህ ብላ» አለው። ሰውዬው ገና ጥጉን ሳይታጠፍ ጣሳውን ከፈተ፤ ጓንቱን አጥልቆ የሁሉንም ጭረት ቆጥሮ ማስታወሻው ላይ ገለበጠ። አሻጋሪዋ ዘጠነኛ ደረጃ፣ ዘጠና አራት ጭረት። በሚቀጥለው እሑድ ሁለት ጭረት ሸለማት። ዘጠና ስድስት መሆን ነበረባት። በሳምንቱ እንደገና ጠብቆ ቆጠረ፤ ዘጠና አንድ።

ሦስት ጊዜ ቆጠረ፤ ዘጠና አንድ።

አሁን ግራም ግራ ገባው። በሃያ ሦስት ዓመት ከራሱ የሚሰርቅ ሌባ አጋጥሞት አያውቅም። ግን ጥርጣሬ ሥራ ፈት አይደለም፤ እስከ ማታ ምክንያት አገኘለት። በጨዋታቸው የሽፍታው ጉልበት የሚለካው በተጫዋቹ ደረጃ ነው፤ ለዘጠነኛ የዘጠነኛ ሽፍታ፣ ለአሥረኛ የአሥረኛ። «አሃ! ዝቅ ብሎ ቀላሉን ለመምታት ነው» አለ። «አድፍጦ ነው! እኔ ወደ ላይ የሚወጣውን ስጠብቅ እሱ በታች በኩል!»

ለሚስቱ ነገራት። እሷ ሳህን እያጠበች ነበር፤ ውኃውን ዘጋችው።

«ልትቀድበት ነው?»

«ሕግ ሕግ ነው።»

«የእህትህ ጽሕፈት አለበት እኮ።»

«ሕጉም የእህቴ ነው።»

«እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» አለችና ውኃውን መልሳ ከፈተችው። እሷ «አንተ ታውቃለህ» ካለች አላወቀም ማለት ነው፤ ይህን ሁለቱም ያውቁታል።

እሑድ ደረሰ። ፀጉር ቤቱ ሦስት ትልልቅ መስተዋቶች አሉት። ጨዋታ ሲጀመር በፎጣ ይሸፈናሉ፤ አለዚያ የመሪው ምስጢር ከጀርባው ይነበባል። ይህንንም ያሰበው ግራም ነው። በዚያ ቀን ግን ፎጣዎቹን ሲያለብስ የመካከለኛውን ጫፍ በአንድ ማበጠሪያ ስፋት ገልጦ ተወው። ከተቀመጠበት ሆኖ የአማቹን እጆች ያያል።

ሾፌሩ ኦቾሎኒ እየላጠ ገባ። ሲስተር ጫማዋን አውልቃ የደንበኛ ወንበር ላይ ወጣች። ጨዋታው ሞቀ። ሽፍቶች ድልድዩን አፍርሰዋል፤ ሁሉም በአሻጋሪዋ ጀልባ ወንዙ መካከል ደርሰዋል።

«ጎርፍ መጣ» አለ ግራም፣ ዓይኑ ከመስተዋቱ ሳይነቀል።

«ዘልዬ ገብቼ ጀልባዋን እገፋለሁ!» አለ ሾፌሩ።

«አንተ እንኳን ጎርፍ፣ ያንን አውቶብስህንም ስትገፋ ነው የምናይህ» አለች ሲስተር።

«ባትሪው ነው! ስንቴ ልንገርሽ፣ ባትሪው ነው!»

እነሱ ሲነታረኩ መስተዋቱ ውስጥ አንድ እጅ ቀስ ብሎ ከጠረጴዛው ሥር ወጣ። በሁለት ጣቶቹ መካከል ቁራጭ ላጲስ ይዟል። እጁ የለመደ የፀጉር አስተካካይ እጅ ነው፤ ጆሮ ሥር እንደሚላጭ ሁሉ በጥንቃቄ አሻሸ። አንድ ጭረት። ሁለት። ፍርፋሪውን በመዳፉ ሰበሰበ።

«ጋሼ፣ እጅህን ከወረቀቱ ላይ አንሳ» አለ ግራም።

የሾፌሩ ኦቾሎኒ አፉ ደጃፍ ላይ ቀረ። ሲስተር ዞራ የተገለጠውን መስተዋት አየች፤ ከዚያ ላጲሱን አየች።

«ቀነስኩ እንጂ አልጨመርኩም» አለ ባለ ፀጉር ቤቱ። ድምፁ ውስጥ ድንጋጤ አልነበረም፤ ድካም ነበር።

«ሕጉ የነካ ነው የሚለው። የጨመረ አይልም።»

«አንተ ሰውዬ፣ የሚቀንስ ሌባ አይተህ ታውቃለህ?» ሾፌሩ ኦቾሎኒውን ዋጠው። «ከኔ ደመወዝ ጸሐፊ በስተቀር!»

«ሚዛን ወደ ላይም ወደ ታችም ይዋሻል። አድፍጦ ቀላሉን ሽፍታ ሊመታ ነው። ዘጠና አራት ነበረች፣ ሁለት ሰጠኋት፣ ዘጠና አንድ ሆነች። ጽፌዋለሁ።» ማስታወሻውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረ።

ባለ ፀጉር ቤቱ ማስታወሻውን አንስቶ ረጋ ብሎ አነበበ። «የሲስተርም አለ። የሾፌሩም አለ» አለ። ከዚያ ቀና አለ። «ጣሳውን በምን ከፈትከው?»

ግራም ማስታወሻውን ለመመለስ እጁን ዘረጋ።

«ቁልፉ እኮ እዚህ ነው» አለ አማቹ ቀበቶውን እየነካ። «ምሳ ብላ ያልከኝ ቀን ነው? እኔ ደግሞ አዘነልኝ ብዬ!»

«የመሪው ማስታወሻም አብሮ ይቀደድ!» አለ ሾፌሩ።

«አንተ ዝም በል» አለች ሲስተር። ወደ ባለ ፀጉር ቤቱ ዞረች። «ጋሼ፣ ለምን? አንድ እሑድ፣ ሁለት እሑድ ቢበዛ ነበር የቀረህ። አሥር ትገባ ነበር እኮ።»

«ለዚያ ነዋ» አለ።

«ማለት?»

«አሥር ስትገባ ትሰናበታለች አይደል ሕጉ?» ላጲሱን ጠረጴዛው ላይ አቆመው፤ ወደቀ፤ መልሶ አቆመው። «እኔ አንዴ ሸኝቻታለሁ። ሁለተኛ አልሸኝም። ይቅደደው፤ ቢያንስ እኔ አይደለሁም ያሰናበትኳት።»

ወረቀቱንም ገፋ አድርጎ ግራም ፊት አደረገው።

ግራም ጓንቱን ከኪሱ አወጣ። ሾፌሩ ያለ ልቡ፣ «ቀዶ ጥገና ነው እንዴ» አለ። ግራም ወረቀቱን ይዞ ወደ መስኮቱ ሄደ፤ በብርሃኑ ላይ ወጠረው። እርሳስ ቢጠፋም ጎድጓዳው አይጠፋም። ከዘጠኝ በታች ያለው ቦታ ከመታሸት ብዛት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቷል፤ የጠፉት ጭረቶች አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ጥላቸው ይታያል። ቆጠረ። ቢያንስ መቶ አርባ። አሻጋሪዋ አሥር ከገባች ዓመት አልፏታል። ዓመት ሙሉ ይህ ሰው ዳይስ ወርውሮ ያሸነፈውን ሁሉ እሑድ እሑድ በላጲስ ሲመልስ ኖሯል፤ እሱ ደግሞ ከፊቱ ተቀምጦ የሾፌሩን እጅ ሲጠብቅ።

ወደ ጠረጴዛው ተመልሶ ማስመሪያውን አወጣ። ወረቀቱ ላይ አስተኛው። ጫፉ በእህቱ ጽሕፈት ላይ አረፈ፤ «መዋኘት አትችልም» የሚለውን ለሁለት ከፈለው። ማስመሪያውን ዝቅ አደረገ፤ ጭረቶቹ ላይ ሆነ። እንደገና ከፍ አደረገ። በሥራው ዘመን አንድ መሥመር ለማስመር ሁለት ጊዜ አስቦ አያውቅም።

«አሥር ጣሪያ ነው ያለችው እሷ ናት» አለ በመጨረሻ፣ ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ። «ጣሪያ የነካ ሰው ከቤት ይውጣ ያለው ግን ማነው?»

«አንተ!» አሉ ሲስተርና ሾፌሩ ባንድ አፍ።

«እኔ ነኝ?»

«አንተ ነህ። ምንም ያልቀረው ሰው ምን አያደርግም ብለህ» አለች ሲስተር። «አስታውሳለሁ፤ ጋሼ እግሬን አንሺ ብሎ መጥረጊያውን እንደያዘ ነው የተናገርከው።»

ግራም ማስመሪያውን አነሳ። ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አወጣና የሳሳውን ቦታ ሳይቀድ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ እስከ መቶ የጎደለውን ጭረት በቀለም ሞላው። ከሥሩ «አሥር» ብሎ ጻፈ። ባለ ፀጉር ቤቱ ፊቱን ወደ ተሸፈነው መስተዋት አዞረ።

«ከእንግዲህ አታድግም» አለ ግራም። «ጭረት የለም። አዲስ ጉልበት የለም። ሽፍታው የአሥረኛ ሽፍታ ነው፤ አይራራም። መዋኘት እስከ ዘላለሙ አትችልም። ግን ትሄዳለች የሚለው ተሰርዟል። ጣሪያ ከሥሩ ሊኖሩበት ነው እንጂ...» አልጨረሰውም። ሁለተኛውን ቁልፍ ከቁልፎቹ መካከል ፈልቅቆ አወጣና ጠረጴዛው ላይ፣ ላጲሱ አጠገብ አስቀመጠው። «ይኸው የኔ።»

ባለ ፀጉር ቤቱ ቁልፉን ብዙ አየው። «ሦስተኛ የለህም?»

«የለኝም።»

«ማል።»

«ጋሼ!»

«አይ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ስትል እየሰማሁ ነው ያረጀሁት» አለና ቁልፉንም ላጲሱንም ኪሱ ጨመረ። ከዚያ ዳይሱን አነሳ። «ጎርፍ መጥቷል አላልክም? ስንት ላምጣ?»

«ከአሥራ አንድ በላይ» አለ ግራም። ወረወረ። አራት መጣ፤ ከጉልበቷ ጋር ተደምሮም አልበቃ። ጀልባዋ ተገለበጠች፤ አሻጋሪዋ መዋኘት ስለማትችል ሾፌሩ ዘሎ ገብቶ በፀጉሯ ይዞ አወጣት፤ ይህን ውለታውንም እስኪመሽ ሲያወራው ዋለ።

ሰኞ ጠዋት ግራም ገበያ ወጣ። ሽንኩርት በሚሸጡ አንዲት አሮጊት ሚዛን ላይ የአንድ ኪሎውን ናስ አስቀመጠ፤ መርፌዋ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ላይ ቆመች። ኪሎ እስኪሞላ ብለው ሲጨምሩ አርባ አርባ ግራም ለገዢው በከንቱ ያፈሳሉ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሚዛን በሃያ ሦስት ዓመት ስንቱን አሳልፏል? ገዢ ካልተጎዳ ማን ይከሳል ብሎ ማኅተሙን መትቶ ሄዷል። ቁጥሩን እንኳ አያውቀውም።

«እማማ» አለ፣ «ይህ ሚዛን የሚሰርቀው እርስዎን ነው።»

አሮጊቷ ዓይናቸውን አጥብበው ከጓንቱ እስከ ጫማው አዩት።

«ምን ፈልገህ ነው አንተ ልጅ?»

«ምንም። ላስተካክልልዎ ነው።»

«ምንም የማይፈልግ መርማሪ!» ለጎረቤታቸው ነጋዴ በአገጫቸው አመለከቱት። ከዚያ እጃቸውን ወደ ናሱ ዘረጉ። «ይቺ ኪሎህስ ሙሉ መሆኗን በምን አውቃለሁ? እስቲ ልያት።»

ግራም የናሱን ክብደት እስካሁን ለማንም ሰጥቶ አያውቅም። ጓንቶቹን አንድ በአንድ አወለቀና ዘረጋላቸው።

«ይያዟት» አለ። «ግን ይህን አጥልቀው።»